እሜቴ፣ እንዴት አደሩ?

ኅዳር 9

ዛሬም ከኔ በፊት እሷን ሰላም አላት።

አልጋ ውስጥ ሆኜ እሰማለሁ። መጀመሪያ የጋቢናው በር ድብ ይላል። ከዚያ ድምፁ... የመኪናዋ መስኮት ከተበላሸ ቆይቷል፤ እስከ ላይ አይዘጋም። የምትቆመው ደግሞ ከመኝታ ቤታችን መስኮት ሥር ነው። አንድም ቃል አታመልጠኝም።

«እሜቴ፣ እንዴት አደሩ?» ይላል ባሌ። ራሱ ይመልሳል፣ «ይመስገን።»

«ብርዱ እንዴት ያዝዎ?» «ይመስገን።»

«ጉልበትዎ ተሻለዎት?» «ይመስገን።»

ከዚያ ዘመድ አዝማዷን ይጠይቃል። ጎማዎቹ ደህና? ፍሬኑ ደህና? መሪው ደህና? ናፍጣው፣ ዘይቱ፣ ውሃው... ሁሉም በየተራ ይመስገን። መጨረሻ ላይ፣ «እኔም ሾፌርዎ ደህና ነኝ፣ ይመስገን።» ቁልፉ የሚዞረው ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ድርርርር... የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል፣ የኔም ጥርስ አብሮ።

ለኔ «ተነሽ እንጂ አንቺ!» ነው። ለጭነት መኪና «እርስዎ»። ይሁን። በዕድሜ ትበልጠኛለች። ከአባቱ ነው የወረሳት፤ ሰላምታውንም አብሮ ወርሷል።

ከተነሳች በኋላ እንድትሞቅ ትቷት ሻይ ሊጠጣ ይገባል። አማቴ ከጓዳ፣ «ልጄ፣ ብርድ ልብሱን አንስተህላታል?» ይላሉ። በየማታው ኮፈኗ ላይ የሚደረብላት ቀይ፣ አበባ አበባ ያለበት ብርድ ልብስ ነው። እኛ ከምንለብሰው ይወፍራል።

እሱ ወተቱን ሊጭን ሄደ። እኔ የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ። ይቺኛዋ በእግር ነው የምትነሳው፤ ሰላምታ አትፈልግም።

ኅዳር 13

አመዳይ ወርዷል። ግቢው ዱቄት የተነዛበት ይመስላል። እሜቴ ሁለት ጊዜ አጉረምርመው ነው የተነሱት። በተረፈ ኮሌታ ስሰፋ ዋልኩ።

ኅዳር 17

ሰውዬዬ እግሩን ሰበረ!

ከጋቢናው ሲወርድ ነው። መርገጫው ላይ አመዳይ ነበር... ሸርተት... ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እግሩን እንደ ሰው ዕቃ ያየዋል። «ምን ሆንክ?» ብለው፣ «ምንም፣ ትንሽ ላርፍ ነው» አለኝ። ወይ ጉድ!

ግራው ነው። ሐኪሙ ደህና ስብራት ነው አለ። እኔ ደህና ስብራት መኖሩንም አላውቅ ነበር። ጀሶ እስከ ጥር አጋማሽ። ደንግጬ ነበር፣ አሁን ግን አልጋው ላይ ሆኖ ትራሱን ሲያማርጥ ሳየው ተረጋጋሁ። አማቴ «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» እያሉ ሾርባ ያመላልሳሉ።

ወደ ማታ የወተት ማኅበሩ ኃላፊ መጣ። ሰው ሁሉ አቶ ደቂቃ ነው የሚለው፤ በልቅሶ ቤት እንኳ ሰዓቱን ያያል። «እግዜር ይማርህ» አለና ሰዓቱን አየ። ከዚያ፣ «ወተቱ ነገ ማን ያድርሰው? ፋብሪካው ጠዋት በሩን ከዘጋ ወተቱ ተደፋ ማለት ነው። ሌላ መኪና ተገኝቷል...»

ሌላ መኪና ከገባ ተመልሶ እንደማይወጣ ሁላችንም እናውቃለን። ሥራው ሄደ ማለት ነው።

«እኔ አደርሰዋለሁ» አልኩ።

ከአፌ እንዴት ወጣ? ባሌ ሳቀ። ከዚያ ፊቴን ሲያይ ተወው። መንጃ ፈቃድ አለኝ እኮ! የተገናኘነውም መኪና መንዳት ስንማር ነው። እኔ በአንደኛው ፈተና አለፍኩ፣ እሱ በሦስተኛው። ከተጋባን በኋላ ግን አንድ መሪ ለሁለት ሰው አይሆንም ተባለና የኔ ፈቃድ መሳቢያ ገባ። ማን ነበር እንደዚያ ያለው? ማንም። ዝም ብሎ እንደዚያ ሆነ።

አቶ ደቂቃ ሰዓቱን አየ። «እሺ፣ እንሞክር። አንድ ቀን ቢረፍድብሽ ይገባኛል። ከተደጋገመ ግን... እኔም አለቃ አለኝ።»

ኅዳር 18

ተነሳች! በመጀመሪያው!

ባሌ አልጋውን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ ትእዛዝ ያወርዳል። «ብርድ ልብሱን አንሺ። ማርሹን ዜሮ አድርጊ። ቁልፉን ግማሽ አዙሪ። ሰላም በያት። ከዚያ አስነሺ።»

ሰላም በያት? ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ? ሰላምታዋን ዘለልኩ። ቁልፉን ግማሽ፣ ከዚያ ሙሉ፣ ድርርር! ሌሊቱን ደመና ስለነበር ብርዱ ለስላሳ ነው። ተነስታልኝ ደስ ሲለኝ ነዳጁን ረገጥኩት። ጮኸች፤ ባሌ ከሷ በላይ ጮኸ። «አንቺ! አሁን ከእንቅልፏ የተነሳችን ሴትዮ ሩጪ ይሏታል?» እሺ። እግሬን አነሳሁ። ድምፅዋ ቀስ እያለ ከመንቀጥቀጥ ወደ ማጉረምረም፣ ከማጉረምረም ወደ ማንጎራጎር ወረደ። ያኔ ነው ሞቀች የሚባለው አለኝ።

መሪው ከስፌት መኪናዬ መዘውር ስንት እጥፍ ይሆን? ወንበሩን ወደ ፊት ስቤ ስቤ እግሬ ፍሪሲዮኑ ላይ ደረሰ። ጫንኩ፣ አደረስኩ፣ ተመለስኩ። ከላይ ሆኖ መንገድ ማየት እንዲህ ደስ ይላል? ለምን ማንም አልነገረኝም?

ኅዳር 20

ውርደት።

ብርድ ልብሱን ሳላነሳ ሄድኩ። ያ ቀይ አበባ በሙሉ ከፊቴ ተዘርግቶ አላየሁትም? አየሁት። ለምጄው ነዋ! ሰው እጁን ያውለበልብልኛል፣ እኔም አውለበልባለሁ። የሰፈሩ ሰው ሴት ሾፌር ሲያይ ደስ አለው ብዬ... ኧረ ምኑን! የሙቀቱ መርፌ ሽቅብ ወጥቶ ወደ ቀዩ ሲጠጋ ትራፊኩ አስቆመኝ። «የማን ሠርግ ነው?» አለኝ።

አማቴ እስኪያስነጥሳቸው ሳቁ። ባሌ ጀሶውን ይዞ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ።

ኅዳር 23

ሰማዩ ጥርት፣ ብርዱ እንደ መርፌ። ቁልፉን ግማሽ፣ ከዚያ ሙሉ። እርርር... እርርር... ነጭ ጭስ ብቻ። ደግሜ። ደግሜ። ድምፅዋ እየሰለለ፣ እየሰለለ... ባትሪዋ አለቀ። አማቴ በራፍ ላይ ቆመው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉ። አመሰግናለሁ እማማ።

ጎረቤቱ ፒጃማውን እንደለበሰ ወጥቶ ገፋን። ቁልቁለቱ ላይ በሁለተኛ ማርሽ ስለቅቃት እየተንፈራገጠች ተነሳች። ወተቱ ጋ ስደርስ አቶ ደቂቃ በር ላይ ቆሟል። አንድ ጣቱን ብቻ አወጣ።

ፋብሪካው ሊዘጋ ሲል ደረስኩ። ባልደርስስ? ባሌ ተኝቶ፣ ሥራው በኔ እጅ ቢሄድ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?

ኅዳር 24

ከዛሬ ጀምሮ ባትሪዋ ተፈትታ መኝታ ቤት ታድራለች፣ ከብርድ እንድትርቅ። ከአልጋው ግርጌ። ባሌ፣ «ሌላ ሴት እቤት ማስገባትሽ ነው?» አለ። ጀሶው አለ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።

ኅዳር 26

ዛሬም ቆንጠጥ ያለ ነው። በስፌት ማስመሪያዬ አመዳዩን ከመስታወቱ ፋቅኩ። ባሌ ከመስኮት፣ «ሰላም በያት አልኩሽ! አባቴ ሰላም ሳይላት አስነስቶ አያውቅም።»

እሺ። አፍሬ አፍሬ፣ ፊቷ ቆሜ ኮፈኗ ላይ እጄን ጭኜ፣ በሹክሹክታ ጠየቅኳት። ብርዱን፣ ጉልበቷን፣ ጎማውን፣ ፍሬኑን... ሾፌሩ ጋ ስደርስ ቃሉ አልወጣ አለኝ። «እኔም የሾፌርዎ ሚስት ደህና ነኝ» አልኩ። ጋቢናው ላይ ወጣሁ፣ ቁልፉን አዞርኩ።

እርርር... ነጭ ጭስ።

አባብዬ፣ ለምኜ፣ ተሳድቤ በስንት መከራ ተነሳች። ደረስኩ፣ ለጥቂት። አቶ ደቂቃ ሁለተኛ ጣቱን አነሳና... መልሶ አጠፈው። ሦስተኛ እንደማይኖር ገባኝ።

ማታ ተጣላን። «ከልብሽ አላልሽማ!» አለኝ። «ልብ ነው ናፍጣ የሚያቃጥለው?» አልኩት። ጀርባ ተሰጣጥተን ተኛን፤ እሱ በጀሶው ምክንያት ጀርባውን መስጠት ስለማይችል እኔ ለሁለታችንም ሰጠሁ።

ኅዳር 28

ዛሬ የሆነውን በደንብ ልጻፈው።

ገና ቁልፉን ግማሽ እንዳዞርኩ የጓዳው መስኮት ተከፈተ። አማቴ። «ብርድ ልብሱን አነሳሽ?» አዎ እማማ። «ስትመለሺ ነጭ ክር እንዳትረሺ።» እሺ እማማ። «ነጩን ነው፣ ክሬሙን አይደለም።» እሺ። «ያቺ ባለሱቋ ክሬሙን ነጭ ነው ብላ ሰጥታኝ፣ እኔ ደግሞ ዓይኔ...» እሺ እማማ። «እህቷ እንኳን ደህና ሰው ነበረች፣ አሁን የት ሄደች?» አማት አይቋረጥም። እጄ ቁልፉ ላይ፣ ዓይኔ መንገዱ ላይ፣ ጆሮዬ የባለሱቋ እህት ላይ። ወተቱ ቀረ፣ ሥራው ሄደ እያልኩ በሆዴ አለቀስኩ።

መስኮቱ ሲዘጋ ቁልፉን አዞርኩ።

ድርርር! ባንዴ! ጭስ የለ፣ ምን የለ።

ብርዱ ያው የትናንቱ ብርድ ነው። ባትሪዋም ያችው። ታዲያ ምኑ ተለየ? የአማቴ ወሬ ሞተር ያስነሳል? መንገዱን ሙሉ ሳስብ ሄድኩ...

ኅዳር 29

ገባኝ! ገባኝ! ገባኝ!

ቁልፉ ግማሽ ሲዞር ሞተሯን ከውስጥ የሚያሞቁት ካንዴሌታዎች መጋል ይጀምራሉ። ይሄን ባሌም ያውቃል፣ ሲያስተምሩንም ተብሏል። ግን ዕድሜ ተጫጭኗቸዋል፤ ጊዜ ይፈልጋሉ። ስንት ጊዜ? እሜቴ እንዴት አደሩ ከሚለው እስከ እኔም ሾፌርዎ ደህና ነኝ ድረስ!

ዛሬ ጋቢና ውስጥ ገብቼ፣ ቁልፉን ግማሽ አዙሬ፣ ያን ሁሉ ሰላምታ አንድ በአንድ አልኩ፤ ይመስገኑን ሳልዘል። ተነሳች። እኔ ግን ያኔ ውጭ ቆሜ ሰላም ብዬ፣ ገብቼ ወዲያው ቁልፉን ሙሉ አዞርኩት። ሰላምታው ሁሉ ካንዴሌታው ሳይግል ባከነ!

ከፋብሪካው ስመለስ መካኒኩ ጋ ጎራ አልኩ። ዳሽቦርዱን አጎንብሶ አየና አንዲት አቧራ የሸፈናት ነጥብ አሳየኝ። «ይቺ መብራት ሲሞቅ ትጠፋለች፣ ያኔ ታስነሻለሽ። የኔ እህት፣ ይቺማ ከሞተች ዘመን ሆኗታል። ልቀይርልሽ?» ቆይ አልኩት። ለምን ቆይ እንዳልኩ አላወቅኩም።

እቤት ስገባ አማቴን ጠየቅኳቸው።

«እማማ፣ አባባ ሰላምታውን መቼ ጀመሩት?»

«መብራቷ የተቃጠለች ጊዜ ነዋ» አሉ፣ ሽንኩርት መክተፋቸውን ሳያቆሙ። «ሰዓት መያዝ አይወድም፣ መቁጠርም ይሰለቸዋል። ሰላምታ ግን አይሰለቸውም። እየጨመረ እየቀነሰ ልኩን አገኘው።»

«እርስዎ ይሄን ሁሉ ቀን ያውቁ ነበር?!»

«ታዲያስ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ጠየቅሽኝ?»

ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ጓዳው ወለል ላይ ተቀመጥኩ።

ታኅሣሥ 4

ልንገረው? አልንገረው?

አባቱ ያስተማሩት ልጅ ሳለ ነው። ለሱ ምርቃት ነው፤ አባቱን የሚያገኝበት ሰዓት ነው። «አባትህ መብራት ተቃጥሎባቸው ነው» ልበለው? አማቴ፣ «እሷ እየሞቀች ሰው ደህና አደርሽ ቢል ምን ይከፋል?» ይላሉ። ምንም አይከፋም። ዝም እላለሁ። መብራቱም ይቆይ።

ታኅሣሥ 11

ሳምንቱን ሁሉ ባንዴ ተነሳች። ቀድሜ እደርሳለሁ። አቶ ደቂቃ ዛሬ ስደርስ ሰዓቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ሰዓቱን አስተካከለ! ሥራው አይሄድም። ይሄን ስጽፍ እጄ ደስ አለው።

አሁን ሰላምታው ላይ የራሴን እጨምራለሁ። ብርዱ ሲጠና ወሬውም ይረዝማል። ሾርባው ጨው በዝቶበት እንደነበር፣ አማቴ መነጽራቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው ሲፈልጉ እንደዋሉ፣ ባሌ በእንቅልፉ መንገደኛ ሲጭን እንደሚያድር... ሁሉን እነግራታለሁ። ጥሩ አድማጭ ናት፤ እስክጨርስ አትነሳም።

ከተነሳች በኋላም አልቸኩልም። እያንጎራጎረች እንሄዳለን፣ እስከ ድልድዩ በዝግታ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ታኅሣሥ 19

ክሬም ክር ገዛሁ። አማቴ አላነጋገሩኝም።

ታኅሣሥ 27

ሐኪሙ አጥንቱ ሊገጥም ነው አለ። ባሌ ደስታውን አልቻለውም፤ ምርኩዙን እንደ ማርሽ ይቀያይራል።

እኔም ደስ አለኝ። ደግሞ ደስታው ሙሉ አልሆን አለኝ... ይሄን ለማን ይነግሩታል? ጠዋት ለሷ ነገርኳት። «እሜቴ፣ ባሌ ሊድንልኝ ነው፣ ይመስገን። ሲድን ግን ይሄን ወንበር ይወስደዋል። መውሰዱም መብቱ ነው፣ የአባቱ ነው። እኔ ግን መንገዱን ወድጄዋለሁ። አልጋ ውስጥ ሆኜ እርስዎ ሲነሱ መስማት እንዴት እችላለሁ? ምን ይሻለኛል?»

«ይመስገን» አልኩላት። ሌላ ምን ትላለች? አስነሳኋት።

ታኅሣሥ 28

ባሌ ማታ ራት ላይ በጨው እንኳ አላማረረም። በኋላ ድንገት፣ «ወንበሩ አልራቀሽም? የሚስተካከልበት ከሥር ዝጓል፣ ዘይት ጠብ አድርጊበት» አለኝ። ምን ነካው?

ዘይት ጠብ አደረግኩበት። እውነትም አንድ ጥርስ ወደ ፊት መጣ። ልኬ ሆነ።

ጥር 6

ለአማቴ ነገርኳቸው፣ የወንበሩን ነገር። «ለሱ ነገርሽው?» አሉ። አልነገርኩትም። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» አሉኝ።

ደጃዝማችነት ለምኔ ነው... ወንበሩን ነው የፈለግኩት።

ጥር 16

ጀሶው ወለቀ። እግሩ ሲያዩት የሌላ ሰው ነው፤ ነጭ፣ ቀጭን። ሐኪሙ ቀስ እያልክ ተለማመድ አለው። እሱ ግን ማምሻውን ግቢውን ዞረ፣ እሜቴን መታ መታ አደረጋት፣ ብርድ ልብሷን ራሱ አለበሳት። «ከነገ ወዲያ እኔ አስነሳታለሁ» አለ።

«እሰይ» አልኩ። እሰይ ማለት እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር። መናገር ፈለግኩ። አሁን ድኖ ደስ ባለው ሰዓት እንዴት? ይለፍ አልኩ። ምንም ሆነ ምን፣ ሥራውን አስረክቤዋለሁ። እሱ ሥራ ከሄደ እኔም ኮሌታ አላጣም።

ጥር 18

ቁጭ ብዬ መጻፍ አቅቶኝ ነበር፤ አሁን ረጋ ብያለሁ።

ሌሊቱ የዓመቱ ብርድ ነበር። ባልዲው ውስጥ የነበረው ውሃ ግግር ሆኖ አደረ። ባሌ ገና ሳይነጋ ተነሳ። አልጋ ውስጥ ቀረሁ፣ እንደ ድሮው። የጋቢናው በር ድብ አለ።

«እሜቴ፣ እንዴት አደሩ?» «ይመስገን።»

ሰማሁ። ጎማው፣ ፍሬኑ፣ መሪው... አንዲትም አልዘለለም። «እኔም ሾፌርዎ...» ሲል ትንሽ ቆመ። ከዚያ ጨረሰ። ቁልፉ።

እርርር... እርርር...

በሆዴ «አጠረ» አልኩ። ለዛሬው ብርድ ያ ሰላምታ አይበቃም፤ ሳምንቱን ሙሉ እኔ በእጥፍ ሳስረዝም ነበር። ደገመ። እርርር... ባትሪዋ ልታልቅ ነው! ሹራቤን ደርቤ በነጠላ ጫማ ወጣሁ።

ጋቢናውን ስከፍተው ጉልበቱ መሪው ሥር ተቀርቅሯል። እጥፍጥፍ ብሎ ተቀምጧል።

«ወንበሩን ለምን አልገፋኸውም?»

«ልክሽን ላበላሽብሽ አልፈለግኩም» አለ።

«ጠጋ በል» አልኩት። ወደ ጎን ተንሸራተተ። ወጥቼ ተቀመጥኩ። ቁልፉን ግማሽ አዞርኩ፣ ሰላምታዬን ጀመርኩ። የሱን ሁሉ ጨረስኩ፤ ከዚያ የኔን ቀጠልኩ። ባልዲው መግገሩን ነገርኳት። አማቴ በክሩ እንደታረቁኝ ነገርኳት። አጠገቤ መቀመጡን እያወቅኩ ደግሞ፣ «እሜቴ፣ ልናገር ብዬ ፈርቼ ነው እንጂ መሪውን መልቀቅ አልፈልግም» አልኩ። አልኩት! ቁልፉን አዞርኩ።

ድርርር! ባንዴ።

እስክትሞቅ ተቀመጥን። ትንፋሻችን መስታወቱን ሸፈነው። ከዚያ ሁሉን ነገርኩት፤ ካንዴሌታውን፣ የሞተችውን መብራት፣ አባቱን። ይከፋዋል ብዬ ፈርቼ ዓይኑን አላየሁትም። ድንገት መሳቅ ጀመረ። እንባው እስኪመጣ። «አባዬ! ሰዓት አላስርም ብሎ!» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «ቢሆንም እኮ ደህና አደሩ ማለቱ ከልቡ ነበር» አለ። ከልባቸው ነበር አልኩት። እውነቴን ነው።

«ደግሞ አንቺ» አለኝ፣ «መስኮቷ እንደማይዘጋ ታውቂያለሽ አይደል?»

ማወቁንስ አውቃለሁ። ስንት ዓመት እሱን የሰማሁት በዚያ መስኮት አይደለም እንዴ? ለካ እሱም ከዚያው አልጋ ላይ፣ በየጠዋቱ ወሬዬን ሁሉ... ታኅሣሥ 27! ፊቴ ጋለ። ካንዴሌታ አያስፈልገኝም ነበር።

«ታዲያ ሰምተህ ለምን ዝም አልክ?»

«ለኔ አልተነገረማ። ለሷ ነው የተነገረው። ሰው ሲያወጋ ጣልቃ አይገቡም።»

ወተቱን አብረን ሄድን። እኔ ነዳሁ። እሱ እግሩ ገና ፍሪሲዮን አይችልም አለ። ግቢውን ሦስቴ የዞረበት እግር!

ጥር 21

መካኒኩ መብራቷን ሊቀይር መጣ። ባሌ፣ «አያስፈልጋትም፣ የሚያወራት ሰው አላት» ብሎ ሸኘው። መስኮቱንም ላስተካክል ቢል አይሆንም አለ።

ጠዋት ብርድ ልብሱን እሱ አነሳ፣ አመዳዩን በማስመሪያዬ እሱ ፋቀ። እኔ ቁልፉን ግማሽ አዙሬ ጠበቅኩ። አጠገቤ ወጣ፣ በሩን ድብ አደረገ፣ እጁን ዳሽቦርዷ ላይ ጫነ።

«እሜቴ፣ እንዴት አደሩ?»

«ይመስገን» አልኩላት።

ብርዱን ጠየቀ። ጉልበቷን ጠየቀ። ጎማውን፣ ፍሬኑን፣ መሪውን፣ ናፍጣውን፣ ዘይቱን፣ ውሃውን። ለሁሉም እኔ መለስኩ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔም ረዳትዎ ደህና ነኝ» አለ። «ሾፌርዎስ እንዴት አደረች?»

እሜቴ እስክትግል ጊዜ ነበረኝና፣ መሪውን በሁለት እጄ ይዤ «ይመስገን፣ ደህና አደረች» አልኩ። ቁልፉን አዞርኩ።